ባሕር ዳር ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት ሱቅ

ባሕር ዳር የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ አለ ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። አለ። ከዋናው ገበያ ጀርባ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ከተደረደሩበት ቅያስ ገባ ብሎ ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ሸክላ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ምልክቱ እሱ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ይህን ሱቅ የምወደው ሸክላን ለጌጥ ስለማይሸጥ ነው። ሸክላ ግድግዳ ላይ በምስማር ቸንክረው ቤት የሚያሳምሩ ሰዎች አይቻለሁ። አንጀቴ ያራል። መርፌው የሚሄድበት ያ ቦይ ውስጥ ሙሉ ባንድ አለ። ሳክስፎኑ አለ፣ ከበሮው አለ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ አለ። ምስማር ከገባበት በኋላ ያ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ጋሼ ዘንድ ያልተደመጠ ሸክላ አይሸጥም። ገንዘብ አውጥታችሁ ልክፈል ብትሉ እንኳ «መጀመሪያ ስሟት» ይላሉ። ሁለቱንም ገጽ ያጫውቱላችኋል። እየተጫወተ ሳለ ወሬ የለም። ስልክ የሚያወራ ሰው ካለ በእጃቸው ወደ ደጅ ያሳዩታል።

እኔ ወደ ሸክላ የመጣሁት በ2016 ዓ.ም. ነው። ያኔ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ዩቲዩብ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ስልኬ ላይ የነበሩትን ዘፈኖች ደጋግሜ ደጋግሜ ሰለቸኋቸው። አልጋ ሥር ደግሞ የአባቴ ሣጥን ነበር። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ሸክላ ሳይዝ አይመለስም ነበር ትላለች እማዬ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ። አብዛኞቹ ትንንሾቹ ባለ 45 ናቸው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን የሚይዙት። ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል። ሣጥኑን ግን እማዬ ስንት ጊዜ ቤት ስንቀይር ለማንም አልሰጠችም።

ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ የራሱን ማጫወቻ በሰው ላከልኝ። ደህና ዕቃ ነው፣ ከባድ፣ ክዳኑ ንጹሕ። ግን ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ 110 ቮልት። ትራንስፎርመር ገዛሁና ሰካሁት። ዞረ። መርፌውን ብዙነሽ ላይ አሳረፍኩ። የወጣው ድምፅ ግን የብዙነሽ አልነበረም። ወፍራም፣ የሚጎተት፣ የወንድ የሚመስል ድምፅ ነው። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች።

ሁለት ጠጋኞች ዘንድ ወሰድኩት። አንዱ ሞተሩ ደክሟል አለኝ። ሌላው ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ ነው ብሎ ሌላ አስገዛኝ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ወደ ጋሼ የመራኝ ከዚያው ቅያስ ሻይ የምታፈላ ልጅ ናት።

ጋሼ ማሽኑን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበቡ። ካቻቪቴ እንኳ አላነሱም። «እታለም፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የለመደው መብራት ሌላ ሆኖ ነው» አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱኝ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ይህን ቁጥር አይነካውም። የእኔ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ የሚዞረው 37 ተኩል ብቻ ነው። ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ብዙነሽን ወንድ ያደረጋት ይኸው ነው።

መፍትሔው ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ፑሊ መለወጥ ነው። ቤልቱ የሚጠመጠመው እሷ ላይ ነው። ፑሊዋ ውፍረቷ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር የጎደለው ፍጥነት ይሞላል። ጋሼ የድሮዋን በካሊፐር ለኩ፣ አዲሷን ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ልኬቷን ጻፉና ቶርኖ ቤት ላኩ። ከናስ ተቀርጻ መጣች። ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። ቤልቱም ላልቶ ስለነበር አብሮ ተቀየረ።

የወደድኩት ፍተሻቸውን ነው። ዙሪያውን ጥቁርና ነጭ መስመር የታተመበት ክብ ወረቀት አላቸው። በእኛ መብራት በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ለሚዞሩት ለትልልቆቹ ሸክላዎች 180 መስመር ያስፈልጋል፤ ለ45ቱ 133። ወረቀቱን ማጫወቻው ላይ አስቀመጡ። የኤልኢዲውን አምፖል አጥፍተው የድሮውን፣ ባለ ሽቦውን አምፖል አበሩ። ይህ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ዓይናችን አይለየውም እንጂ። ፍጥነቱ ልክ ከሆነ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ሞተሩ ተነሣ። መስመሮቹ መጀመሪያ ተደበላለቁ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመሩ። እየቀነሱ፣ እየቀነሱ መጡ። ወረቀቱ እየዞረ መስመሮቹ ቀጥ አሉ። ጋሼ ቀና ብለው «በይ አሁን ብዙነሽን አምጪያት» አሉኝ።

መርፌውንም ዝም ብለው አላለፉትም። ከአንድ ወርቅ ሠሪ የገዟት ትንሽ ሚዛን አለቻቸው። መርፌውን እሷ ላይ አሳርፈው ክብደቱን 2 ግራም ላይ አቆሙት። ብዙ ሰው መርፌው ሲዘል ከላዩ ሳንቲም ይጭንበታል። ዘሎ የማያውቅ መርፌ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ክብደት በእያንዳንዱ ዙር ቦዩን እየፋቀው ነው። ከአባቴ ሸክላዎች አንዳንዶቹ ላይ ግራጫ የሆነ፣ የነጣ ቀለበት አለ። ጋሼ አዩትና «ሳንቲም ነው» አሉ። እዚያ ቦታ ላይ መለከቱ ይሻክራል። አይመለስም።

ለፑሊዋ፣ ለቤልቱና ለጉልበት 4,200 ብር ከፈልኩ። ዕቃው ሳምንት አለፈው፤ ቶርኖ ቤቱ ወረፋ ነበረው። ለተሠራልኝ ሥራ ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ።

አሁን ስለ ድምፁ። ሸክላ ከዲጂታል ይበልጣል፣ አይበልጥም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ስልኬ ላይ የነበሩት የዚያ ዘመን ዘፈኖች ብዙዎቹ ከካሴት የተወሰዱ ናቸው፤ ካሴቱም ከሌላ ካሴት የተቀዳ። በእያንዳንዱ ቅጂ ትንሽ ትንሽ ጠፍቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዘፈን ውስጥ ቤዝ ጊታር እንዳለ የሰማሁት ጋሼ ሱቅ ውስጥ ነው። ከጥላሁን ድምፅ ሥር ሆኖ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄድ እሱ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አልሰማሁትም ብዬ ነው የተገረምኩት።

ባለ 45 ደግሞ አያስተኛም። ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ አራት ደቂቃ ነው። አለቀ፤ ተነሺና ገልብጪ። መጀመሪያ ይህ የሚያሰለች መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የምወደው ይህንኑ ነው። ዘፈን ከፍቼ ልብስ ማጠብ፣ ዘፈን ከፍቼ ስልክ መነካካት ቀረ። ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ቡናዋን ታቀራርባለች፤ የዘጌ ቡና ነው። እኔ ሸክላ እመርጣለሁ። አንድ ቀን የአንዱን ሸክላ ጀርባ አጫወትኩ። ያን ዘፈን ሰምቼው አላውቅም፤ ኢንተርኔት ከተመለሰ በኋላም ፈልጌ አላገኘሁትም። እማዬ ግን ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ አብራ ዘፈነች። አንድም ቃል አልሳተችም። ሲኒውን እንደያዘች፣ ሳትቀዳ፣ እስኪያልቅ። «አባትሽ ፊት ለፊቱን አይወድም ነበር፤ የገዛው ለጀርባው ነው» አለችኝ። ይህን ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ነግራኝ አታውቅም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ጋሼ ያላቸው ዕቃ ብዙ አይደለም። የተወሰኑ ካርቶን ባለ 45 እና አንድ መደርደሪያ ኤልፒ ነው፤ ኤልፒ የሚባሉት በአንድ ገጽ ብዙ ዘፈን የሚይዙት ትልልቆቹ ናቸው። ኤልፒዎቹ ውስጥ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጂም ሪቭስ ነገር እንደ ጉድ ነው። የህንድ ፊልም ዘፈንም አለ። ሀብቱ ያለው ግን ትንንሾቹ ላይ ነው። የአምሐ ሸክላ ካገኙ ለብቻ ያስቀምጡታል፤ መሀሉ ላይ ኤ.ኢ. ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው። የጋሼን ሱቅ ጥሩ የሚያደርገው ሲያጫውቱላችሁ ታሪኩንም አብረው ማውረዳቸው ነው። አምሐ እሸቴ ገና ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሳለ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ያኔ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ ፈቃድ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ብቻ ነበር። እሱ ግን ደፈረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ ህንድ አገር ተልኮ ታተመ። በኋላ ሥራው ወደ ሊባኖስ ዞረ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ባለ 45 እና 12 ኤልፒ አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስ የሚባሉ ሌሎች አሳታሚዎችም ነበሩ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበቃ። ያ ሁሉ ዜማ፣ ዛሬ በየሠርጉ የምንጨፍርበት ሁሉ፣ የተቀረጸው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ዕቃውን በእጄ ይዤ ይህን ስሰማ ያቺን ትንሽ ክብ ነገር ቀስ ብዬ ነው መልሼ ያስቀመጥኳት።

ሲገዙ የሚያዩበትን መንገድ ተምሬባቸዋለሁ። ሸክላውን አምፖል ሥር ዘንበል ያደርጉታል። ጭረት ካለ በጥፍራቸው ጫፍ ቀስ ብለው ያልፉበታል። ጥፍሩን ካልያዘው ብዙ አይሰማም። ከያዘው ይዘላል። የጎበጠውን ደግሞ ማጫወቻ ላይ አዙረው ከጎን ያዩታል። መርፌው ከፍ ዝቅ እያለ ከሄደ ዋጋው ይወርዳል።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ እሱንም ልናገር። አንደኛ፣ ዋጋ አይጻፍም። አንዱን ባለ 45 ለእኔ 2,500 ብር ብለው፣ ካሜራ አንጠልጥሎ ለመጣ እንግዳ ያንኑ እጥፍ ሲሉት ሰምቻለሁ። ዋጋ ቢለጥፉ ለሁላችንም ክብር ነው። ሁለተኛ፣ ኤልፒዎቹን አቁመዋቸዋል፤ ባለ 45ዎቹን ግን ወለል ላይ አነባብረዋቸዋል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጫነዋል፣ አቧራውም ይፍቀዋል። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት እዚያ ቤት ውስጥ አይጣል ነው። ሸክላ ሙቀት አይችልም፣ ይጎብጣል። ይህን እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቁታል። መደርደሪያ እንዲያሠሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ይሠራል» ብለውኛል። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጡትን ርካሽ የሻንጣ ማጫወቻዎች መሸጣቸውን አልወደድኩትም። የእነዚያ መርፌ ከባድ ነው። አዲስ ጀማሪ ገዝቶ የአያቱን ሸክላ ሲፍቅበት ማየት ያሳዝናል። ደግሞ ጄኔሬተር የላቸውም። መብራት ከሄደ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

አዲስ የታተመ ሸክላም የላቸውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች እየመጡ ይጠይቃሉ፤ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ውጭ አገር ግን የእኛ ሥራዎች ዳግም እየታተሙ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያሳተመውን ኤልፒ ስትራት የተባለው አሳታሚ በ2017 እ.ኤ.አ. እንደገና አውጥቶታል። የአክስቴ ልጅ እሱን ልኮልኝ ነበር። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጭረት የሌለበት። ጋሼ 33ቱን ፍጥነት የሞከሩት በእሱ ነው። ሲያልቅ «እንደገና» አሉ። ሱቁ ውስጥ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ባጃጁ መንገድ ዘግታ እየተጠራ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ስለ ጽዳት ትንሽ ልበል፤ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ይህ ነገር ይመለከተኛል። የሐይቁ እርጥበት በክረምት የሸክላ ጠላት ነው። የካርቶን ሽፋኑ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም ወደ ቦዩ ይገባል። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል። እኔ አራት እጅ ዲስቲልድ ውሃ ከአንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ጋር እቀላቅላለሁ። ፀጉር በማይተው ለስላሳ ጨርቅ፣ ቦዩን ተከትዬ እንጂ አቋርጬ አልጠርግም። መሀሉ ያለው ወረቀት እንዳይነካ። ከዚያ ጥላ ውስጥ አቁሞ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ በፍጹም።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቁ። ወፍራምና ከባድ የሆኑት፣ ከእጅ ሲወድቁ እንደ ሳህን የሚሰበሩት ባለ 78 ሸክላዎች አልኮል ሊነካቸው አይገባም። የተሠሩበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር የቀረጿቸው ሸክላዎች ከዚህ ዘር ናቸው። ጋሼ ጋ ከዚህ ዓይነት ጥቂት አሉ፤ ለሽያጭ አይደሉም። እነሱን በዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው የሚጠርጉት፣ ያውም ጨርቁን በደንብ ጨምቀው። መርፌውም የተለየ ነው፤ የ45ቱ መርፌ አይሆንም።

እና ልትሄዱ ነው እንበል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ጋሼ ጥገና ላይ ስለሆኑ ጊዜ የላቸውም። እሑድ ዝግ ነው። ክፍያ በቴሌብርም ይሆናል። ደረሰኝ ግን አትጠብቁ። ለጥገና አንድ ወር ዋስትና በቃል ይሰጣሉ። የእኔ ቤልት በሁለተኛው ሳምንት ሲንሸራተት ወስጄው ያለ ምንም ክፍያ ቀይረውልኛል። መሀሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው 45 ካላችሁና ቀዳዳውን የምትሞላው ማስገቢያ ከጠፋችባችሁ ከፕላስቲክ ያስቀርጹላችኋል፤ እኔ በ150 ብር ነው ያሠራኋት፣ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀችም።

ማጫወቻችሁ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ተሸክማችሁት አትሂዱ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልክ አንሱና አሳዩዋቸው። 60 ኸርዝ ብቻ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ መብራት ብቻ የሚል ከሆነ የፑሊ ሥራ አለበት። በትንሽ የዲሲ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ግን መብራታችን ፍጥነቱን አይለውጠውም፤ ለ220 ቮልት የሚሆን አዳፕተር መግዛት ብቻ ይበቃችኋል፣ ያም ከዚያው ቅያስ ይገኛል።